«አዝማች» ወይስ «ዙር»? የቀደምት ጃዝና የተውኔት ዘፈን ቃላትን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ከሚመለሱ ጽሑፎች መካከል ስለ ሙዚቃ የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ እንደ ቀላል ሥራ ይቆጠራሉ። የሕግ ሰነድ ወይም የሕክምና መጽሐፍ የተሰጠው ተርጓሚ መዝገበ ቃላቱን ደርድሮ፣ ባለሙያ ጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ ብዕሩን ያነሣል። የሸክላ ሽፋን ላይ የሰፈረ ጽሑፍ የተሰጠው ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይጀምራል። ለዚህም ምክንያት አለው፤ በአማርኛ ዜማ፣ ምት፣ ቅኝት፣ አዝማች፣ ተቀባይ የሚሉ የታወቁ ቃላት ስላሉን፣ ለባዕዱ ቃል ሁሉ አቻው ቀድሞ የተዘጋጀ ይመስለናል። ስሕተቱም የሚጀምረው አቻ ቃል ከመታጣቱ ሳይሆን ፈጥኖ ከመገኘቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርቡት ቃላት ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ የነበረውን የአሜሪካ ጃዝና እርሱን ሲመግቡ የኖሩትን የኒው ዮርክ ሙዚቃዊ ተውኔቶች የሚመለከቱ ናቸው። ዘመናቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የሙያውን ቃላት በሙሉ ለመደንገግ አልታሰበም፤ አብዛኛው ቦታ ለአንድ ቃል ተሰጥቷል፤ ይህም የሆነው ጸሐፊው ራሱ ስለ ተሳሳተበት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት ስለ ሳክስፎን ተጫዋቹ ስለ ኮልማን ሆኪንስ የተጻፈ አንድ አጭር ጽሑፍ ተርጕሜ ነበር። ሆኪንስ አምስት ዓመት ያህል በአውሮፓ ቆይቶ ወደ አገሩ በተመለሰበት በ1939 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር 11 ቀን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ «ቦዲ ኤንድ ሶውል» የተባለውን ዜማ በሸክላ አስቀርጿል። ጽሑፉ እንደሚለው ሆኪንስ በዚህ ሸክላ ላይ ሁለት «ኮረስ» ተጫውቷል። ኮረስ ማለት በእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት «አዝማች» ወይም «የመዘምራን ጓድ» ነው፤ ሰውየው ብቻውን ስለሚነፋ ጓዱን ትቼ አዝማቹን መረጥሁ። «ሆኪንስ አዝማቹን ሁለት ጊዜ ደገመው» የሚል ዐረፍተ ነገር ታተመ። ሸክላውን አልሰማሁትም ነበር፤ መስማትም እንደሚያስፈልግ አልታሰበኝም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሸክላ ከማሰባሰብ ሌላ ሥራ የሌላቸው አንድ ጡረተኛ የታተመውን ጽሑፍ አጥፈው በኪሳቸው ይዘው መጡ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ይተላለፍ የነበረውን የዊሊስ ኮኖቨርን የጃዝ ዝግጅት በአጭር ሞገድ እየተከታተሉ ጆሯቸውን የሳሉ ሰው ናቸው። ኮኖቨር እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ላልሆነ አድማጮች ሲል ቀስ ብሎ፣ ቃላቱን እየለያየ ይናገር ስለ ነበር፣ ቋንቋውንም ሙዚቃውንም አንድ ላይ ነበር የተማሩት።

«ልጄ፣» አሉኝ፤ «ሸክላውን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ። አዝማች ያልኸው የቱ ጋ ነው? ጆሮዬ ከድቶኝ እንደ ሆነ ብዬ ማታውን ሙሉ ስፈልግ አመሸሁ።»

«ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልሰማሁትም» አልሁ።

በዚያው ቅዳሜ ከቤታቸው ወስደው አሰሙኝ። ሸክላ የሚለው ስያሜ ለእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሳሕኖች እጅግ የሚስማማ ነው፤ ሼላክ ከሚባል ሙጫ ስለሚሠሩ፣ ከእጅ ካመለጡ እንደ እንስራ ይሰበራሉ። የኋለኛው የፕላስቲክ ሸክላ ባይሰበርም ስሙን ወርሷል። አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ፒያኖው በአጭሩ ከፈተ፤ ሳክስፎኑ ገባ። ጋሼ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ይቈጥሩ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሐረጎች ዜማውን የሚያውቅ ሰው የሚለያቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሆኪንስ ዜማውን ትቶት ሄደ። ጋሼ ግን መቍጠራቸውን አልተዉም። ሠላሳ ሁለት ሲሞላ ጣታቸውን አነሡና «አንድ» አሉ። እንደ ገና ከመጀመሪያው ቈጥረው ሸክላው ሊያልቅ ሲል «ሁለት» አሉ። አዝማች የሚባል ነገር በዚያ ሸክላ ላይ ከቶ የለም።

ጋሼ የቈጠሩት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የዜማውን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። የዘመኑ የተውኔት ዘፈን ዋና አካል አብዛኛውን ጊዜ 32 ሜዠር አለው፤ ሜዠር የምንለው፣ በእነዚህ ዘፈኖች እንደ ተለመደው፣ አራት ምት የሚይዘውን ክፍል ነው። (የሙያው ሰዎች ባር የሚሉትም አሉ፤ ነገር ግን «ሠላሳ ሁለት ባር ዞረ» ተብሎ ቢጻፍ የአዲስ አበባ አንባቢ ስለ ሙዚቃ እንደማያስብ የታወቀ ነው።) ሠላሳ ሁለቱ በስምንት ስምንት ተከፍለው ሀ፣ ሀ፣ ለ፣ ሀ በሚል ሥርዐት ይደረደራሉ። አንድ ዜማ ቀርቦ ይደገማል፤ ሦስተኛው ስምንት ከእርሱ ይለያል፤ አራተኛው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። «ቦዲ ኤንድ ሶውል» ላይ ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ የዜማው መሠረት በግማሽ ድምፅ ከፍ ስለሚል፣ ዜማው ራሱ ባይሰማም እንኳ አድማጩ የት እንደ ደረሰ ያውቃል። ተጫዋቹ ዜማውን ሲተወው የሚቀረው ይህ መዋቅርና የኅብረ ድምፁ አካሄድ ነው። መዋቅሩን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መጓዝ በጃዝ ሰዎች አነጋገር አንድ «ኮረስ» ይባላል። ሆኪንስ 64 ሜዠር ተጫወተ ማለት ሁለት ጊዜ ዞረ ማለት ነው።

እንግሊዝኛው ራሱ እዚህ ትርጕም ላይ የደረሰው ተንከባልሎ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአሜሪካ ዘፈን ውስጥ ታሪኩን የሚናገሩት ልዩ ልዩ አንቀጾች ነበሩ፤ ኮረስ የሚባለው በየአንቀጹ መካከል ሁሉም አብሮ የሚያነሣው ነው፤ ይህ በእርግጥ የእኛ አዝማች ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግን፣ በተለይ ቲን ፓን አሊ እየተባለ ይጠራ በነበረው የኒው ዮርክ የኖታ አሳታሚዎች ሰፈር፣ አንቀጾቹ እያነሱ፣ የሚደገመው እየተስፋፋ ሄደና ኮረሱ ራሱ የዘፈኑ ዋና አካል ሆነ። የጃዝ ተጫዋቾች ከታተመው ኖታ ላይ የቀረውን ትተው ይህን አካል ብቻ ወሰዱ፤ እርሱንም እየዞሩ ተጫወቱበት። ስያሜው በቦታው ቀረ፤ የተሰየመው ነገር ግን ተለወጠ። በቃልና በቃል መካከል ብቻ አቻ የሚፈልግ ተርጓሚ ይህን ጉዞ ሊያየው አይችልም።

ስለዚህ ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ ያቀረብሁት ቃል «ዙር» ነው። ቃሉ በስፖርትም፣ በቡና ሥርዐትም፣ በስብሰባም የታወቀ ነው፤ ከተነሡበት ተነሥቶ ወደዚያው መድረስን ያመለክታል፤ በቍጥርም ይነገራል። አዝማች ግን በመልኩም በጠባዩም መሪ ነው፤ ደጃዝማችና ግራዝማች በሚሉት ማዕርጎች ውስጥ ከምናውቀው «አዝማች» በአጻጻፍ አይለይም፤ እርሱ ይጠራል፣ ተቀባይም ይቀበለዋል። ዙር ማንንም አይጠራም።

ልዩነቱ የቃል ክርክር ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1956 ዓ.ም.፣ ጁላይ 7 ቀን፣ የዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ በኒውፖርት የጃዝ በዓል ላይ ሲጫወት ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንሳልቬስ በብሉዝ መዋቅር ላይ 27 ኮረስ ያለ ማቋረጥ ነፋ፤ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጨፈረ። «አዝማቹን 27 ጊዜ ደገመው» ተብሎ ቢተረጐም ሰውየው ያበደ ይመስላል፤ ሕዝቡ ለምን እንደ ጨፈረ አንባቢው ሊገባው አይችልም። «27 ዙር ነፋ» ቢባል ግን፣ ጃዝ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ፣ ሯጭ ከሜዳ ሳይወጣ ስንት ዙር እንደ ዞረ እንደሚቈጥር ሁሉ፣ የጽናቱን መጠን ይገምታል።

ወደ ተውኔቱ እንመለስ። በሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ከንግግር ወደ ዘፈን ሲሸጋገር በንግግርና በዜማ መካከል ያለች አጭር ክፍል ትቀድማለች። በእንግሊዝኛ «ቨርስ» ትባላለች። ይህንም ቃል «ስንኝ» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ስንኝ የግጥም መስመር እንጂ የዘፈን ክፍል አይደለም። «መግቢያ» ቢባል መሣሪያዎች ብቻቸውን ከሚያሰሙት መክፈቻ ጋር ይደባለቃል። እኔ «መንደርደሪያ» እላታለሁ፤ ዘላይ ከመዝለሉ በፊት እንደሚሮጣት ናትና። የጃዝ ተጫዋቾች ጥለዋት ስለ ሄዱ አብዛኛው አድማጭ የሚወደው ዘፈን መንደርደሪያ እንዳለው እንኳ አያውቅም። ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1956 ዓ.ም. በኮል ፖርተር ዘፈኖች ጀምራ በተከታታይ ባወጣቻቸው የዘፈን መድበሎች ላይ ብዙዎቹን መልሳ ዘፍናቸዋለች። የሚያውቁት ዘፈን ከማያውቁት በር ሲገባ የሚሰማው ደስታ እንዲህ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ጋሼ «የወንድምን ልጅ መንገድ ላይ በመልኩ እንደ መለየት» ብለውታል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስቸግረው ቃል እንድረስ። የተውኔት ዘፈን የሚባለው ለአንድ ተውኔት፣ ለአንድ ገጸ ባሕርይ፣ ለአንድ ትዕይንት የተደረሰ ነው። ከተውኔቱ ወጥቶ ተጫዋች ሁሉ የሚያውቀው፣ ያለ ልምምድ ሊጫወቱት የሚችሉት ሲሆን እንግሊዝኛው «ስታንዳርድ» ይለዋል። የጄሮም ከርንና የኦስካር ሐመርስታይን «ኦል ዘ ቲንግስ ዩ አር» ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ዘፈኑ የተደረሰለት ተውኔት በ1939 ዓ.ም. መጨረሻ ብሮድዌይ ላይ ወጥቶ 59 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። ተውኔቱን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ዘፈኑ ግን የጃዝ ተጫዋቾች ሁሉ መገናኛ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ሁለቱ ስያሜዎች ሁለት ዐይነት ዘፈኖችን የሚለዩ ሳይሆኑ አንዱ ዘፈን በሕይወት ዘመኑ የሚያልፍባቸውን ሁለት ሁኔታዎች የሚያመለክቱ ናቸው፤ በመዝገበ ቃላት ውስጥም ተቃራኒ ተደርገው መፈታት የለባቸውም።

ለመጀመሪያው «የተውኔት ዘፈን» በቂ ነው። ለሁለተኛው «ደረጃ»ና «መለኪያ» በፍጹም አይሆኑም። «መደበኛ ዜማ» የሚል ሐሳብ ያቀረቡ ጓደኞች አሉ፤ መደበኛ ቋንቋ ስለምንል ይሆናል፤ ነገር ግን መደበኛ ሲባል አዘቦታዊነት ይሰማል፤ እነዚህ ዜማዎች ደግሞ የአዘቦት አይደሉም። «የሕዝብ ዘፈን» እንዳይባል ደራሲያቸው በስም የታወቀ ነው። እኔ ወደ «የወል ዜማ» አደላለሁ። የወል ስም በሰዋስው ውስጥ የአንዱ ብቻ ሳይሆን የዐይነቱ ሁሉ መጠሪያ እንደ ሆነ፣ የወል ዜማም ደራሲው ቢታወቅም አጠቃቀሙ የሁሉ ነው። በግጥም ስልት ውስጥ የምናውቀው የወል ቤት ሊያደናግር ይችል ይሆናል፤ ቤትና ዜማ ግን አብረው ስለማይምታቱ ጉዳቱ ትንሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአማርኛ የሙዚቃ ባህል ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አንባቢ «ትዝታ» ብሎ ይመልሳል፤ ልክ ነው። ትዝታ የቅኝት ስም ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ይቈጠራል፤ በቅኝቱ የሚዜመውም ዘፈን ትዝታ ይባላል። እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱ ትዝታ አለው፤ አድማጭም የአንዱን ከሌላው እያነጻጸረ ይደሰታል። ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት አለ፤ ተርጓሚም ሊዘነጋው አይገባም። የትዝታ ዘፋኝ የዜማውን ፈር ይዞ ግጥሙን ይለውጣል። የጃዝ ተጫዋች ግን ግጥሙንም ዜማውንም ይተውና የኅብረ ድምፁን አካሄድ ይይዛል። የጌርሽዊን ወንድማማቾች በ1930 ዓ.ም. ለተውኔት የደረሱት «አይ ጋት ሪዝም» ዜማው ተገፎ፣ አካሄዱ ብቻ ተወስዶ ለብዙ አዳዲስ ድርሰቶች መሠረት ሆኗል፤ ኤሊንግተን በ1940 ዓ.ም. ያስቀረጸው «ኮተን ቴይል» አንዱ ነው። በዚህም የተነሣ የአገራችን አድማጭ ጃዝ ሲሰማ የለመደውን ነገር፣ ማለት የዜማውን ፈር፣ ይፈልግና ሲያጣው «ዘባረቀ» ይላል። ያልዘባረቀ መሆኑን ሊነግረው የሚችለው ዙር የሚለው ቃል ነው፤ ምን እንደሚቈጥር ያመለክተዋልና።

በዙሩ ላይ የሚደረገውን ፈጠራስ ምን እንበለው? «ድንገተኛ ፈጠራ» አደጋ ያስመስለዋል። «ያልተዘጋጀ አጨዋወት» ደግሞ ስድብ ነው፤ ሆኪንስ ከዚያ ሸክላ በፊት ከ15 ዓመት በላይ በሙያው ኖሯል። እዚህ ላይ የቅኔ ቤቱ ልማድ ይረዳናል። ጉባኤ ቃና በሁለት፣ መወድስ በስምንት ቤት የተወሰነ ነው፤ ባለቅኔው መልኩን አይለውጥም፤ የሚያመጣው ግን በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱን ቢደግም አይመሰገንም። ከአድማጩም የሚጠበቀው መልኩን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ስለዚህ በሥነ ጽሑፋዊ አነጋገር «በዜማው ላይ ተቀኘበት» ቢባል አልቃወምም። በሙያ መዝገበ ቃላት ግን ቅኔ ሰምና ወርቅን፣ ቃልንም ስለሚያስከትል «ቅጽበታዊ ድርሰት» የሚለው ይሻላል። ሁለቱን እንደየቦታቸው መጠቀም ነውር የለበትም።

የቀሩትን ባጭሩ ልለፋቸው። «ስዊንግ» መተርጐም የለበትም። ስለ 1930ዎቹ አጋማሽ የሚናገር አንድ ረቂቅ ላይ «የዥዋዥዌ ዘመን» የሚል አርእስት አይቻለሁ፤ ሕፃናት ብቻ የነበሩበት ዘመን ይመስላል። እስክስታን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ማንም ቃሉን እንዳለ ሲወስደው እኛም እንዲሁ ብናደርግ አንከስርም። ብሉዝን «እንጉርጉሮ» ማለት ግማሹን ብቻ ይይዛል፤ ብሉዝ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሜዠር ያለው የታወቀ መዋቅር ነው፤ በእርሱም ላይ ሕዝብ ሲጨፍር በኒውፖርት አይተናል። ለዘመኑ ጃዝ «ጥንታዊ» የሚለው ቅጽል አክሱምን ያስታውሳል፤ «አሮጌ» ያጣጥላል፤ «ቀደምት» ይስማማል። «ዘመን አይሽሬ» ያማረ ቃል ቢሆንም ለሁሉም ነገር እየተሰጠ ራሱ እየሻረ ነው።

ጃዝ የሚለውን ቃል ማንም አይከራከርበትም፤ ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ካለውና ኤሊንግተንም በ1973 ዓ.ም. ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጥቶ ከተጫወተ ወዲህ የቤት ቃል ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግን ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች ሊሰጡት ይገባል፤ ውሻ ለማሰማራት የምንለው «ጃዝ!» ከዚህኛው ጋር ምንም ዝምድና የለውምና። እንግሊዝኛውም ቢሆን ሙዚቃ ሆኖ አልተወለደም፤ በ1912 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ጋዜጣ ላይ የታየው ስለ ቤዝቦል አወራወር ነው፤ በ1917 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ ላይም የባንዱ ስም አጻጻፍ ዛሬ ከምናውቀው የተለየ ነበር።

የዘፈኖች ርእስ ስም ስለ ሆነ በድምፁ ይጻፍ፤ ትርጕሙ ካስፈለገ አንድ ጊዜ ይነገር። «ቦዲ ኤንድ ሶውል»ን «ሥጋና ነፍስ» ብዬ አርእስት ባደርገው ኖሮ የፍቅር ዘፈን መሆኑን ትቶ አንባቢው ስብከት ይጠብቅ ነበር።

የተሳሳተውን ዐረፍተ ነገር «ሆኪንስ ሁለት ዙር ተጫወተ፤ ዜማውን የነካው በመጀመሪያው ዙር መክፈቻ ላይ ብቻ ነው» ብዬ አርሜ ለጋሼ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ዙርስ ደኅና ነው፤» አሉ። «ሦስተኛውን ስምንት፣ ያንን የሚለየውን፣ ምን ልትለው ነው?»

«እንግሊዝኛው ድልድይ ነው የሚለው፤ እኔም ድልድይ ልለው አስቤአለሁ።»

«ድልድይ እኮ ወዲያ ማዶ ያሻግራል፣ ልጄ። ይኸ ግን ወደ ተነሣህበት ነው የሚመልስህ።»

እስከ ዛሬ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።